የጆሃንስበርግን መንገድ እናውቃለን፤ የፕሮፌሰርነቱንስ?



ሆሳዕና ውስጥ አንድ የባጃጅ ሹፌር አቁማችሁ «ደቡብ አፍሪካ እንዴት ይኬዳል?» ብትሉት ሞተሩን ሳያጠፋ ይነግራችኋል። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ከዚያ ጆሃንስበርግ። ገንዘቡ በስንት ዙር እንደሚከፈል፣ የትኛው ድንበር በሌሊት እንደሚታለፍ፣ ማን ደርሶ ሱቅ እንደከፈተና ማን ከመንገድ እንደተመለሰ ያውቃል። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም ብትሄዱ ያው ነው። መንገዱ ሰው እንደሚበላም ይታወቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ ልጁ መንገድ ላይ የነበረ ቤተሰብ ሁሉ ስልኩን ታቅፎ ነው ያደረው። እንዲያም ሆኖ መንገዱ አልተዘጋም፤ የሚያውቀው ሰው በዛ እንጂ።

አሁን ያንኑ ጥያቄ ወደ ራሳችን ጀመዓ እናዙረው። ከዚህ ግቢ በዲግሪ የተመረቀ ልጅ ፕሮፌሰር የሚሆነው በየት በኩል ነው?

ይህን የምንጠይቀው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር ተመራቂዎቻችንን ስንሸኝ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ክብ ሠርተን ተቀምጠን እያንዳንዱን «ቀጥሎ ምን አሰብክ? ምን አሰብሽ?» ብለን ጠይቀን ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ኮንትራክተር ጋር፣ አንዱ የአጎቱ ሱቅ፣ አንዷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሁለቱ ሳዑዲ፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ «አላህ ያውቃል» አለ። «ዩኒቨርሲቲ መምህር መሆን እፈልጋለሁ» ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ጥፋተኛ። ሳቅንበት። «ጾምህን ልታድር ነው?» ያለውም ነበር። ሳቁ ሲበርድ ግን ከመካከላችን አንዱ «እሺ፣ ቢፈልግስ ከየት ይጀምራል?» ብሎ ሲጠይቅ የመለሰለት የለም። አምስት ዓመት ከመምህራን ፊት ተቀምጠን፣ መምህራኑ እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደደረሱ አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ነገሩ ያሳሰበን ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲኒየሮችን፣ ማስተርስ ላይ ያሉ ወንድሞችንና ሁለት ሦስት መምህራንን ጠይቀን ያገኘነውን እንጻፍ። እንደ ደላላው ማቆሚያ ማቆሚያውን እንቁጠር።

የመጀመሪያው ማቆሚያ መውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። ሁለተኛው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ ጋት የምንለው ነው። ይህ ፈተና የሚጠይቀው የዲፓርትመንት ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የቋንቋና የማመዛዘን ችሎታም ይለካል። ስለዚህ በሁለተኛ ዓመት እንግሊዝኛ ማንበብ ያቆመ ሰው እዚህ ላይ ይሰማዋል። ከዚያ ማስተርሱ ይመጣል። ማስተርስ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዋናው ጥያቄ «መግባት እችላለሁ ወይ?» ሳይሆን «ማን ይከፍላል?» ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀጠረ ሰው መሥሪያ ቤቱ ይልከዋል፤ ያልተቀጠረ ከኪሱ ይከፍላል። ለዚህ ነው በጥሩ ውጤት ተመርቆ ረዳት ምሩቅ፣ በግቢ አማርኛ «ጂኤ» ሆኖ መቀጠር ዋናው በር የነበረው። ያ በር ዛሬ እየጠበበ ነው፤ ቅጥር ሲወጣም ማስተርስ ያለው ይፈለጋል። ቢሆንም በሌላ በኩል የሚገቡ አሉ። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ እያስተማሩ ቅዳሜና እሑድ ማስተርሳቸውን የጨረሱ ወንድሞች አግኝተናል። ዘግይተዋል፣ ደክመዋል፣ ግን ደርሰዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መሰላል ነው። ረዳት ምሩቅ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። በፊልም የምናየው ነገር ያሳስተናል፤ በፈረንጅ ፊልም ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ሁሉ «ፕሮፌሰር» ይባላል። እኛ አገር ግን ፕሮፌሰር የመጨረሻው እርከን ነው። ማስተርስ ያለው ሌክቸረር ይሆናል፤ ፒኤችዲውን የጨረሰ ረዳት ፕሮፌሰር። ከዚያ ወደ ተባባሪ፣ ከተባባሪ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሻገር በየእርከኑ የአገልግሎት ዓመታት፣ በታወቁ ጆርናሎች የታተሙ ጽሑፎች፣ የማስተማር ምዘናና ማኅበረሰብ አገልግሎት ይቆጠራሉ። የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻ ሲሆን ጽሑፎቹ ወደ ውጭ ገምጋሚዎች ይላካሉ፤ ሴኔቱ አይቶ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ያጸድቃል። በ23 ዓመቱ የተመረቀ ልጅ ምንም ሳያደናቅፈው ቢሄድ አርባን አልፎ ነው እዚያ የሚደርሰው። ብዙዎች ሳይደርሱ ጡረታ ይወጣሉ። ዋቸሞ ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ አንዱ አንድ ቀን ሳይዘገይ ቢጓዝ እንኳ ገና መንገድ ላይ ነው።

ይህን ስናወራ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ቃል አለ፤ «ሰው ከሌለህ አይሆንም»። ሐሰት ነው አንልም። ከመካከላችን አንዱ ከዓመት በፊት ባመለከተበት ዩኒቨርሲቲ የቅጥር ማስታወቂያው ግቢ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ብቻ ተለጥፎ፣ እሱ የሰማው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው። ብሔርም፣ ዝምድናም፣ የአንድ ቤተ እምነት ትውውቅም ሥራ ይሠራሉ። ነገር ግን ይህን ቃል እንደ ትራስ ተንተርሰን የተኛን እኛም ብዙ ነን። ጥያቄው «ሰው» የሚባለው ማን ነው የሚለው ነው። አጎት ነው? ባለሥልጣን ነው? የጠየቅናቸው መምህራን ሁሉ፣ ሙስሊሙም ሌላውም፣ ያነሱልን ሰው አንድ ዓይነት ነው፤ ያስተማራቸው፣ በስማቸው የሚያውቃቸው፣ አንድ ቀን «ይህን ልጅ ውሰዱት» ብሎ የጻፈላቸው መምህር።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንውቀስ። የማስተርስም ሆነ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ከእኛ ስንቶቻችንን መምህር በስም ያውቀናል? ከኋላ እንቀመጣለን። ሰላት ሲደርስ ቀስ ብለን እንወጣለን፤ ተመልሰን ስንገባ የጥያቄው ሰዓት አልፏል። የመምህሩን ቢሮ የምናንኳኳው ውጤት ሲበላሽ ብቻ ነው። በአምስተኛ ዓመት ሰኔ ላይ «የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ብለን ስንሄድ መምህሩ «የየትኛው ሴክሽን ተማሪ ነህ?» ቢለን ቅር ይለናል። ምን ይጻፍልን? «ይህ ተማሪ ከኋላ ይቀመጥ ነበር፣ አይረብሽም ነበር» ይበል?

የሚገርመው ይህን ማወቅ የነበረብን ከማንም በፊት እኛ ነበርን። አብዛኞቻችን ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ ያደግን ልጆች ነን። ዒልም ከሰው እንደሚወሰድ መድረሳ አስተምሮናል። ድሮ ደረሳ ስንቁን ይዞ ሲወጣ «የትኛው መስጂድ ያምራል?» ብሎ አይደለም፤ «ይህን ፈን የሚያቀሩት ሸይኽ የት ናቸው?» ብሎ ነው። ነሕው አንድ ዘንድ፣ ፊቅህ ሌላ ዘንድ፣ ተፍሲር ደግሞ ወሎ ድረስ። ከእኛም አካባቢ አባቶች ወደ ቃጥባሬ፣ ወደ አብሬት፣ ወደ አልከሶ ይሄዱ ነበር። (ዛሬ በዝያራው ጉዳይ ሐሳባችን አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ እዚህ የምናወራው ስለ ኪታቡ ነው።) ደረሳው ሸይኹ ፊት ተቀምጦ ይቀራል፣ ይታረማል፣ ያገለግላል፣ ዓመታት ይቆያል። በመጨረሻ የሚያገኘው ኢጃዛ ከእገሌ ለእገሌ ተብሎ በስም የሚሰጥ ነው፤ ሸይኹ ራሱ ከማን እንደቀራ ይታወቃል፣ ያኛውም ከማን እንደቀራ ይታወቃል።

ማስተርስና ፒኤችዲ ከዚህ የተለየ ነገር መስሎን ነበር። አይደለም። የሚመረጠው ሕንፃው ሳይሆን አማካሪው ነው። የጠየቅነው አንድ የፒኤችዲ ተማሪ የነገረን ይህን ነው፤ ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስልክ የማያነሳ አማካሪ ከሚደርስህ፣ ስሙ ያልገነነ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ምዕራፍህን በሳምንቱ አንብቦ በቀይ የሚመልስልህ ይሻልሃል። ስለዚህ ከማመልከት በፊት የሰውየውን የታተሙ ጽሑፎች መፈለግ፣ ሁለቱን ሦስቱን ማንበብ፣ ከዚያ አጭር ኢሜይል መጻፍ። የድሮው ደረሳ በእግሩ የሄደውን ነው በኢሜይል የምንሄደው። እኛ ግን መድረሳ ላይ የተማርነውን አደብ ግማሹን ብቻ ይዘን ግቢ ገባን። በሸይኽ ፊት ዝም ማለትን ያዝን፤ በሸይኽ ፊት ቀርቦ መቀመጥን ተውን።

ይህን መንገድ እስከ ጫፍ የሄዱ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን አሉ። አንዱን ብቻ እንጥቀስ። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፒኤችዲ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ስለነበር ዶክትሬታቸውን የሠሩት እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ጨረሱ። ጥናታቸው ስለ ወሎ ዑለሞች፣ ነጋዴዎችና ባላባቶች ነበር፤ ማለትም ቅድም ስላነሳናቸው ሸይኾችና ደረሳዎች። ያ ጥናት መጽሐፍ ሆኖ ብሪል በተባለው የሆላንድ ማተሚያ ቤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከጥናቱ እስከ መጽሐፉ 16 ዓመት። በመካከሉ አስተማሩ፣ ጻፉ፣ ተማሪ አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሞቱ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከእሳቸው በፊት ስለ ዳናና ስለ ጀማ ንጉሥ «አፈ ታሪክ» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ማንም የዓለም ምሁር ሊጠቅሰው የሚችል ዕውቀት ሆኖ ነበር። ወሎ ዕድለኛ ነው፤ የራሱን ሰው አገኘ።

ሀዲያና ከምባታስ? ሆሳዕና ያለው ሆስፒታል ስሙ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ነው። የጤና ተማሪዎቻችን በየቀኑ በዚያ በር ይገባሉ። እሌኒ ማን ናት? መሐመድስ ማን ነው? መሐመድ የሀዲያ ገራድ ነበር፤ ልጁ ናት በ15ኛው መቶ ዘመን ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ገብታ፣ ክርስትናን ተቀብላ፣ በኋላ በአገሪቱ ፖለቲካ ከባድ ሚዛን ያገኘችው። ሀዲያ በዚያ ዘመን የሙስሊም ግዛት ነበር። ይህን በዝርዝር ማወቅ የፈለገ የእኛ ልጅ የሚያነበው ማንን ነው? ኡልሪኽ ብራውኬምፐር የተባሉ ጀርመናዊ የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ምሁርን። የሀዲያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ አሳተሙ፤ በእንግሊዝኛ የወጣው ከ32 ዓመት በኋላ በ2012 ነው። ሰውየው ሠርተዋል፣ ምስጋና ይገባቸዋል፤ በአገራችን ገጠር ዞረው ሽማግሌ ጠይቀው የጻፉት ዛሬ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች በሕይወት የሉም። ጎረቤቶቻችን የመካነ ኢየሱስ ምእመናንም የከምባታና የሀዲያ ቤተ ክርስቲያናቸው አመጣጥ ስዊድን አገር ኡፕሳላ የዶክትሬት ጥናት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶላቸዋል። የእኛ የአያቶች ታሪክ፣ ማን መስጂዱን እንደሠራ፣ ማን ከየት ቀርቶ መጥቶ እንዳቀራ፣ ፈንዳኖ የሚባለው የሀዲያ የጥንት እምነት ከእስልምና ምን እንደወሰደ፣ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ማን ይጻፈው? ጀርመኑ ተመልሰው እስኪመጡ እንጠብቅ?

ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሆነን ስለ ታሪክ ማውራታችን አይግረማችሁ፤ በእኛም ዘርፍ ያው ነው። እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ ቀኑን ሙሉ አንድ እግራቸውን አንሥተው ግንዱን ደግፈው ነው የሚውሉት። ቆጮውን በልተን ነው ሁላችንም እዚህ የደረስነው። የእንሰት መፋቂያ መሣሪያ፣ የቡላ መጭመቂያ፣ የጉድጓዱ ማብላላት፣ እነዚህ የማስተርስና የፒኤችዲ ርዕሶች ናቸው፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በእንሰት ላይ ሲሠራ ቆይቷል። የብላቴ ወንዝ ደለልና ጎርፍ ለሲቪልና ለውኃ ልጆች ርዕስ ነው። የሚመርጠው ግን ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ነው። የምርምር ገንዘቡ ለየትኛው ጉዳይ ይመደብ፣ የትኛው ልጅ ይወሰድ፣ የትኛው ጥያቄ «ለጥናት አይበቃም» ይባል የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ረዳት ወይም ተባባሪ ፕሮፌሰር ነው። ከሀዲያ ምድር ፕሮፌሰር ሲባል ሁሉም ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስን ያነሳል። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፖለቲካው ነው፤ ማዕረጉ ግን በምርጫ የተገኘ ሳይሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ መምህርነት የተገኘ ነው። አንድ ሰው መድረሱ ለአካባቢው ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው ስም ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ሳቁ እንመለስ፤ «ጾምህን ልታድር ነው?» ወደተባለው። ደመወዙ ትንሽ ነው። ይህን መሸፋፈን አንፈልግም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በብዙ ግቢዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በደመወዝ ጥያቄ ነው። ሌክቸረር ሆኖ ቤት ተከራይቶ፣ ትዳር ይዞ፣ ለእናት ልኮ የሚተርፍ የለም። ጓደኛችን ከጆሃንስበርግ በሦስት ዓመት ፎቅ ሲያስጀምር፣ እኛ በሦስት ዓመት አንድ ጽሑፍ አሳትመን እንደሰትበታለን። ቤተሰብም ይህን ያያል። አባት ለልጁ ላም ሸጦ ያስተማረው ፎቅ ሊያይ እንጂ ጆርናል ሊያይ አይደለም። ስለዚህ ይህ መንገድ ለሁሉም ነው አንልም፤ ቤተሰቡ ዛሬ በእሱ እጅ የሚበላ ልጅ ቀድሞ ሥራ ይያዝ፣ አጅሩም እዚያ ነው። ግን ፈርዱል ኪፋያ ምን እንደሆነ መድረሳ ላይ ተምረናል፤ አንድም ሰው ካልቆመበት ሁላችን የምንጠየቅበት ነገር ነው። ከመቶ ተመራቂዎቻችን ሦስት አራቱ ይህን ቢይዙ፣ የቀሩት ዘጠና ስድስቱ ደግሞ እነሱን በዱዓም በብርም ቢያግዙ አይከብደንም ነበር። የሚገርመው ለደቡብ አፍሪካ ጉዞ ዘመድ ተሰብስቦ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ክፍያ ግን ማንም «እንሰብስብ» ብሎ አያውቅም።

ስለ ውጭ አገርም እንዲሁ። የናይሮቢን መንገድ በጫካ የምናውቅ ሰዎች፣ ናይሮቢ አጠገብ ጁጃ ላይ ጆሞ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ማስተርስና ፒኤችዲ ስኮላርሺፕ እንደሚሰጥ ስንቶቻችን ሰምተናል? የውኃና የኢነርጂው ተቋም ደግሞ አልጄሪያ ትሌምሰን ነው። ሳዑዲ ሲባል ለእኛ የቤት ሥራና የፍየል ጥበቃ ነው፤ በቀይ ባሕር ዳር ቱዋል ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለውን የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ሁሉ ከነመኖሪያውና ከነኪስ ገንዘቡ ያስተምራል፤ ለመግባት ግን ከባድ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕና የሃንጋሪው ስቲፔንዲዩም ሁንጋሪኩም በየዓመቱ ይወጣሉ። የኢስላሚክ ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊሞች የትምህርት ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። አገር ውስጥም ቢሆን ምርምር ላይ እንዲያተኩሩ ከተመደቡት ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ሐዋሳ፣ ጅማና አርባ ምንጭ ከእኛ ሩቅ አይደሉም።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ብዙዎችን ያስቀረች አለች፤ ኮስት ሼሪንግ። የወጪ መጋራቱን ሳይከፍሉ ዋናው ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት አይለቀቅም። ማመልከቻው ሊዘጋ አሥር ቀን ሲቀረው ይህን የሚያውቅ ሰው አዝኖ ይቀራል። ለውጭ ደግሞ የሰነድ ማረጋገጥ አለ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ተራ መያዝ ይጠይቃል፣ ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ፓስፖርትም ያው። እነዚህን ከመመረቅ በፊት ማሰብ ነው።

እህቶቻችን ይህን ሲያነቡ የሚሉት ይገባናል። «ለእናንተ ቀላል ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ለወንዱ «ደመወዙ ትንሽ ነው» የሚባለው ለእሷ «ማስተርሷን እስክትጨርስ ማን ይጠብቃታል?» ይባላል። ብቻዋን ውጭ አገር የመሄዱ ጉዳይ በፊቅህም በቤተሰብም ከባድ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ጋዜጣ ላይ ፈትዋ አንሰጥም፣ ዑለሞችን ጠይቁ። አገር ውስጥ ግን ለሴት አመልካቾች ድጋፍ የሚያደርግ የመቀበያና የቅጥር አሠራር አለ፤ ሳንጠቀምበት ነው የሚያልፈው። ከዲፓርትመንታችን በከፍተኛ ውጤት ከሚመረቁት መካከል ሒጃብ የለበሱ አሉ። ቀጣይዋ የሙስሊም ልጅ ላብ ውስጥ ስትገባ ሒጃብ የለበሰች መምህር ብታገኝ፣ እኛ ወንዶቹ በመቶ ደዕዋ የማንሠራውን ሥራ ይሠራል።

የኒያ ነገርም አለ። ኢማም አል ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1091 ባግዳድ ኒዛሚያ ላይ ሲሾሙ በዘመኑ ከዚያ በላይ ወንበር አልነበረም፤ በአራት ዓመታቸው ጥለውት ወጡ፣ የሚያስተምሩት ለዝና መሆኑን ነፍሳቸው ስለጠረጠረች። እኛ ገና ወንበሩ ሳይደርሰን «ፕሮፌሰር እገሌ» መባሉ የሚጣፍጠን አለን። ይህ ጣዕም ነው በኋላ ሰውን ገንዘብ ተቀብለው ሳያነቡ ወደሚያትሙ ጆርናሎች የሚወስደው፣ በየግቢው በር «ሪሰርች እንሠራለን» ብለው ስልክ ቁጥር ወደሚለጥፉት የሚወስደው። በሌላ ሰው የተጻፈ ቴሲስ የተገዛ ኢጃዛ ነው። መድረሳ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ማቅራት ቀርቶ ሰፍ ፊት እንዲቆም አይፈቀድለትም ነበር።

ስለዚህ የምናስበው ትልቅ ነገር አይደለም። ለጀመዓው አንድ ደብተር ገዝተናል። በእሱ ላይ ከዚህ ግቢ ወጥተው ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ላይ ያሉ፣ ወይም የሚያስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ የት እንዳሉ፣ በማን ሥር እንደሚማሩ፣ በምን እንደገቡና ምን እንዳሰናከላቸው እንጽፋለን። እስካሁን ሰባት ስም አለ። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ያላችሁ፣ በውጤታችሁ ላይ ገና ሥራ መሥራት የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ ትራንስክሪፕታችሁን ይዛችሁ ኑ። ስትመጡ አንድ የቤት ሥራ ይኑራችሁ፤ በዚህ ሳምንት አንድ መምህራችሁን ቢሮ ሄዳችሁ ስለ ውጤት ሳይሆን ስለ ማስተርስ ቴሲሳቸው ጠይቃችሁ፣ የነገሯችሁን ጻፉልን። ባለፈው የተሳቀበት ልጅ ሄዶ ጠይቋል። መምህሩ አርባ ደቂቃ አወሩት፤ ሲወጣም ስሙን ጠየቁት።